መብራት የጠፋበት ክፍለ ጊዜ

በ1998 ዓ.ም. በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ የ9ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። አስተምር ነበር ማለቱ ራሱ ይከብዳል፤ የሚያስተምረው ክፍሉ ውስጥ ያለው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ነበር። በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ ያብራራል፣ ይጠይቃል፣ ተማሪው እስክሪብቶውን ሳያነሳ መልሱን ራሱ ይናገራል። የእኔ ድርሻ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ትምህርቱ መሀል፣ መብራት ሄደ። ልጆቹ በደስታ ጮኹ። እኔ ግን የማደርገው ጠፋኝ። በመስኮት ብመለከት የግቢው ቧንቧ እንደ ልማዱ እንደ ክር እየቀጠነ ይፈሳል።

«ይህ ቧንቧ በቀን ስንት ጀሪካን ውኃ ያፈሳል?» አልኳቸው። «ቀመር አልሰጣችሁም። እንዴት እንደሚታወቅ በቡድን ሆናችሁ ራሳችሁ ፈልጉ፤ እስከ ነገ ጊዜ አላችሁ።»

መጀመሪያ ዝም አሉ። ቀድመው የተነሡት የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፉት ናቸው። አንዱ የግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ አመጣ፣ ሌላው የእጅ ሰዓቱን ፈታ። ጠርሙሷ በ4 ደቂቃ ሞላች። እኔም ቶሎ ብዬ አሰላሁት፦ በሰዓት 7.5 ሊትር፣ በቀን 180 ሊትር፣ በባለ 20 ሊትሩ 9 ጀሪካን። መልሱን ወረቀት ላይ ጽፌ ኪሴ ከተትኩ።

በማግስቱ ቡድኖቹ ሁሉ 180 ብለው መጡ። «ጎበዞች» ብዬ ልዘጋው ስል፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ውኃው እኮ ቀኑን ሙሉ አይኖርም። 6 ሰዓት ላይ ይሄዳል፣ የሚመለሰው ማታ 2 ሰዓት ነው። ሌሊት ደግሞ ሰው ስለማይቀዳ ይበረታል።»

ለቤታቸው ውኃ የምትቀዳው እሷ ነበረች። ሊነጋ ሲል ከወንድሟ ጋር መጥታ፣ ዘበኛውን አስፈቅዳ ለክታለች። ጠርሙሷ የሞላችው በ2 ደቂቃ ነው።

ሰሌዳ ላይ አወጣኋት። ከማታው 2 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ 10 ሰዓት በ15 ሊትር ሲባዛ 150። ከዚያ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት፣ 6 በ7.5 ሲባዛ 45። ድምሩ 195። «ልክ 12 ሰዓት ላይ በአንዴ ነው እንዴ የሚቀንሰው? ቀስ በቀስ ከሆነስ?» ብሎ አንዱ ያዛት። ደወል ተደውሎም ክርክሩ አላለቀም።

ኪሴ ካለው መልስ የሚለየው በ15 ሊትር ብቻ ነው። የእኔ ግን በዕድል የተጠጋ ስሕተት ነበር። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ውስጥ እየኖርኩ በ24 ያባዛሁት እኔ ነኝ።

ልጆቹ ስሌታቸውን ጽፈው ለርዕሰ መምህሩ ሰጡ። ብዙም ሳይቆይ ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ያለቀችውን ጎሚኒ ቀየረ።

በተከታዩ ዓመት ለአዲሶቹ ተማሪዎች ያንኑ ጥያቄ አቀረብኩ። ቧንቧው ስለተጠገነ የሚለካ ነገር የለም፤ ግማሽ ሊትሩንም 4 ደቂቃውንም ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው። ወዲያው ሁሉም 180 አሉኝ። ውኃው ስንት ሰዓት እንደሚሄድ የጠየቀኝ አንድም ተማሪ አልነበረም።