በፊልሙ ያልታዩት

የጦርነት ፊልም በሚታይበት ጊዜ ተመልካቹ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ልቡ ከምሽግ ወደ ምሽግ ይሮጣል። እኔም የቆዩትን የጦር ፊልሞች እወዳለሁ። ከሁሉም አብልጬ የማደንቀው ሉዊስ ማይልስቶን የተባለው አሜሪካዊ አዘጋጅ በ1930 እ.ኤ.አ. የሠራውን «በምዕራቡ ግንባር ሁሉ ጸጥ ብሏል» የተሰኘውን ነው። የጀርመንን ወጣት ወታደሮች ሥቃይ በማሳየት፣ ጠላት የተባለውም የእናት ልጅ መሆኑን አስተምሯልና።

ይኸው ሰው በ1959 እ.ኤ.አ. «ፖርክ ቾፕ ሂል» የተባለውን የኮርያ ጦርነት ፊልም አዘጋጀ። በዚህም ግሪጎሪ ፔክ የአንድ የአሜሪካ ሻምበል ጦር መሪ ሆኖ ይታያል፤ የእርቅ ድርድር እየተካሄደ ሳለም ስለ አንዲት ኮረብታ ብዙ ደም ይፈስሳል። ያ ጦር የነበረበት 7ኛው ክፍለ ጦር የእኛም የቃኘው ሻለቆች ከ1943 እስከ 1945 ዓ.ም. እየተፈራረቁ የተዋጉበት ነው። ከእነርሱም ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ፊልም በልደታ ሰፈራችን ይኖሩ ከነበሩ አንድ የኮርያ ዘማች ጋር በቤቴ ተመለከትሁ። ሽማግሌው ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው በዝምታ ያዩ ነበር። በመካከሉ፣ «ተኩሱስ ደኅና ነው፤ ብርዱን ግን አላሳዩም» አሉኝ። ወደ ፍጻሜው ሲደርስ ደግሞ፣ «ልጄ፣ እኛስ መቼ ነው የምንመጣው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«እናንተስ የላችሁበትም፣ አባባ» አልኋቸው።

ጥቂት ቆይተው፣ «እንግዲያው የራሳቸውን ነው የተናገሩት» አሉ።

ፍርዳቸው ትክክል ነበር። ፊልሙ የተመሠረተበት የማርሻል መጽሐፍ ስለ ኢትዮጵያውያን ቃፊሮች በሰፊው ይተርካል፤ ፊልሙ ግን የአንዱን የአሜሪካ ጦር ታሪክ ብቻ መረጠ። በዚህ አዘጋጁን አልወቅስም። ሰው አስቀድሞ የሚያወሳው የራሱን ቤት ነው። የእኛስ ቤት ማን ያውሳልን? ኃይሌ ገሪማ በ1999 እ.ኤ.አ. «ዐድዋ» የተሰኘውን ፊልም ሲሠራ ባዕድ እስኪተርክለት አልጠበቀም፤ የሽማግሌዎችን አንደበት አዳመጠ እንጂ።

እኒያ ጎረቤቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። ከዘመቻ ጓደኞቻቸው የቀሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ከዘጠና ዓመት ያለፈ ነው። በአንጻሩ ድምፅንና ምስልን የሚቀርጽ ስልክ በብዙ ተማሪዎች ኪስ ይገኛል። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ወደ እነዚህ አባቶች ላኩ፤ ስለ ድሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ብርዱም ይጠይቁ።