ጨዋታ ተመልካችና የኳስ አደጋ



በ2008 ዓ.ም. ክረምት በአሜሪካ የምትኖረውን እኅታችንን ለመጠየቅ ሄደን ሳለ፥ ባለቤቷ ቤዝቦል የሚባለውን የአገሩን ጨዋታ ያሳየን ዘንድ ወደ ሜዳ ወሰደን። አራት ዓመት የሆናትን ልጃቸውን በጕልበታችን ላይ አስቀምጠን ነበር። ጨዋታው ለማያውቀው ሰው እጅግ የዘገየ ነው፤ አንዱ ይወረውራል፥ አንዱ በዱላ ይመታል፥ የቀሩት ቆመው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ሕዝቡ ይበላል፥ ወሬ ያወራል። እኛም ለልጅቱ ኦቾሎኒ ስንፈለፍል፥ ከመቺው ዱላ ወደ ጎን ያመለጠ ኳስ በራሳችን ላይ አልፎ ከኋላችን ካለው ባዶ ወንበር ላይ ሲያርፍ እንደ ጥይት ጮኸ። እኛ ድምፁን ሰማን እንጂ ኳሱን አላየነውም። በዙሪያችን ያሉት ሰዎች ግን በደስታ ይሻሙ ጀመር፤ ኳሱን ያገኘ ሰው ለራሱ ይወስደዋልና።

የእኅታችን ባል «ጋሼ፥ አይደንግጡ፤ ይህ ሁልጊዜ ያለ ነው» አለን። «ሰው ቢመታሳ ማን ይጠየቃል?» ብንለው ሣቀና የመግቢያውን ትኬት ገልብጦ ሰጠን። በጀርባው በደቃቅ ፊደል፥ ከኳስና ከዱላ የሚመጣውን አደጋ ሁሉ ትኬቱን የያዘው ሰው በራሱ ላይ እንደ ተቀበለ ተጽፎ ነበር። እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን ባለጕዳይ ሳያነብ እንዳይፈርም ስንመክር የምንውል ሰዎች፥ የራሳችንን ውል ሳናነብ በኪሳችን ይዘን ተቀምጠን ነበር።

ኳሱ 145 ግራም ያህል ይመዝናል። በብርቱ የተመታ እንደ ሆነ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳልና፥ ሠላሳ ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው አንድ ሴኮንድ እንኳ አይሰጠውም።

ከተመለስን በኋላ የሕጉን ነገር መረመርን። ከዚህ ቀጥለን የምንጠራቸው የውጭ አገር ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። በሚዙሪ ግዛት በካንሳስ ሲቲ አንድ ተመልካች በኳስ ተመትቶ ክለቡን ከሰሰ። ነገር ግን መረብ ያለበትም የሌለበትም መቀመጫ በእኩል ዋጋ ተከፍቶለት ሳለ፥ ወዶ መረብ በሌለበት ስለ ተቀመጠ በ1913 ተረታ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ የዚያ አገር ፍርድ ቤቶች፥ የሜዳው ባለቤት እጅግ አደገኛ የሆነውን ከመቺው ኋላ ያለውን ስፍራ በመረብ ከከለለ፥ የቀረው የተመልካቹ ዕዳ ነው ሲሉ ኖረዋል። በዚያችው ከተማ የአንበሳ ልብስ ለብሶ ሕዝቡን የሚያስቅ የክለቡ ሰው የወረወረው ቋሊማ የአንዱን ተመልካች ዓይን በመታ ጊዜ ግን፥ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ኳስ የጨዋታው ነው፥ ቋሊማ ግን የጨዋታው አይደለም ሲል ፈረደ። ይህን ስናነብ ሣቅ አምልጦናል፤ ዓይኑ ለታመመው ሰው ግን ሣቅ አልነበረም።

የአሜሪካኖቹ አሳብ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በልጅነታችን የገና ጨዋታ ቆመን ስናይ ኳሱ ቍርጭምጭሚታችንን መትቶን እያነከስን ብንገባ፥ እናታችን አጠበችልን እንጂ የማን ልጅ መታህ ብላ አልጠየቀችም፤ በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን ቢመታው እንኳ ቂም አይያዝምና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቍጥር 2068፥ በስፖርት ጊዜ ተጫዋች ሌላውን ተጫዋች ወይም ተመልካቹን ቢጎዳ፥ ተንኰል ካልሠራ ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባድ ካልጣሰ በቀር አይጠየቅም ይላል። ልብ በሉ፤ ይህ ቍጥር የሚናገረው ስለ ተጫዋቹ ነው እንጂ፥ ትኬት ሸጦ ሕዝብ ስለሚያስገባው ሰው አይደለም።

ያልተዋጠልን «ወዶ ገባ» የሚለው ቃል ነው። በጕልበታችን ላይ የነበረችው ሕፃን ምን ዐውቃ ወደደች? በጃፓን አገር በሳፖሮ ከተማ በ2010 አንዲት እናት፥ ክለቡ የተማሪ ቤት ልጆችን በጋበዘበት ቀን ከቤተ ሰቧ ጋር መጥታ፥ ኳስ መትቷት የቀኝ ዓይኗ ብርሃን ጠፋ። የከተማይቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2016 ነገሩን አይቶ፥ በሜዳው ሥራ ጉድለት አላገኘም። ነገር ግን ጨዋታውን የማያውቁትን ልጆችና ወላጆች ክለቡ ራሱ ጠርቶ ስላመጣ አብልጦ ሊጠነቀቅላቸው ይገባ ነበር ብሎ፥ ከ33 ሚሊዮን የን በላይ እንዲከፍላት ፈረደ። ኳሱን በዓይኗ ስላልተከተለች ግን ከመቶ 20 ቀነሰባት። ፍርዱን እናከብራለን፤ ይህን 20 ግን ልባችን አልተቀበለውም። ከልጆቿ ጋር የተቀመጠች እናት ዓይኗ ወዴት ሊሆን ነው?

በአሜሪካ ሠላሳዎቹ ታላላቅ ክለቦች በ2018 መረቡን እስከ ተጫዋቾቹ ማረፊያ ዳር ድረስ ዘረጉ። በ2019 በሂውስተን ከዚያ ወዲያ የተቀመጠች የሁለት ዓመት ሕፃን ተመትታ የራስ ቅሏ ተሰነጠቀ፤ መቺውም በሜዳው ተንበርክኮ ሲያለቅስ ታየ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ መረቡን አስረዘሙ። የእኅታችን ባል መረቡ ዓይን ይከለክላል እያለ በስልክ ያማርረናል። ልጅቱ ግን አድጋ፥ ከመረቡ ኋላ ተቀምጣ ኦቾሎኒዋን ራሷ ትፈለፍላለች።