ፈገግ ያለው ሕመምተኛ

ሁልጊዜ ፈገግ የሚል ሕመምተኛ አስታምማችሁ ታውቃላችሁ? እኔና ባለቤቴ አስታመናል። ሰው አይደለም፤ አክሶሎትል የሚባል የውሃ እንስሳ ነው። የአፉ ጫፍ ሲፈጠር ጀምሮ ወደ ላይ የታጠፈ በመሆኑ፣ ቢጠግብም ቢራብም፣ ደህና ቢሆንም ሊሞት ቢያጣጥርም የሚስቅ ይመስላል።

የአክሶሎትል የትውልድ ስፍራ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ የሚገኘው የሾቺሚልኮ የውሃ ቦይ ነው። በተፈጥሮ ስፍራው ሊጠፋ የተቃረበ ሲሆን፣ በቤተ ሙከራና በሰው ቤት ግን ይረባል። ዘመዱ እንቁራሪት ስታድግ ከውሃ ትወጣለች፤ እሱ ግን ዕድሜውን ሁሉ በውሃ ውስጥ ይኖራል። ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ላባ የመሰሉ ሦስት ሦስት መተንፈሻ ስንጥቦች አሉት።

እኛ ቤት የመጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ነው። የምንኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ በአውሮራ ከተማ ነው። ጎረቤቶቻችን ቤት ሲለቁ፣ “ካልወሰዳችሁት እንጥለዋለን” አሉን። የዘጠኝ ዓመት ልጃችን እያለቀሰች ስትለምነው ባለቤቴ የመስታወት ገንዳውን ተሸክሞ ገባ።

የስንጥቦቹ ላባ ረግፎ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። ሆዱ ከጭንቅላቱ ይቀጥናል። ውሃው ግን ጥርት ያለ ነበር። ወደ እንስሳት ሐኪም ስንወስደው፣ ሐኪሟ መድኃኒት ከማዘዝዋ በፊት፣ “ውሃውን ለክታችሁታል?” ብላ ጠየቀችን። ለካን። ለአክሶሎትል የሚስማማው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን የእኛው ውሃ 26 ነበር። በመመርመሪያው ብልቃጥ ላይ ጠብታ ስንጨምር፣ ቢጫ መሆን የሚገባው ውሃ አረንጓዴ ሆነ፤ አሞኒያ አለበት ማለት ነው። አሞኒያ ከእንስሳው ዓይነ ምድርና ከተራረፈ ምግብ የሚወጣ፣ በዓይን የማይታይ መርዝ ነው። ያ ፍጥረት ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ፣ ፈገግ እንዳለ እየሞተ ነበር።

ሕክምናው ቀላል፣ ግን የማያቋርጥ ነበር። ክዳናቸው የተበሳ ሁለት የፕላስቲክ ዕቃዎች ገዛን። ጠጠር ውጦ አንጀቱ እንዳይዘጋ ታቹን ባዶ ተውነው። በክሎሪን ማክሸፊያ ጠብታ የታከመ የቧንቧ ውሃ ቀዝቃዛ በሆነው ምድር ቤታችን ያድራል፤ በማግስቱ እንስሳውን ወደ አዲሱ ውሃ እናዛውረዋለን። ይህም በየቀኑ ነው።

እኔ የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ ነው፤ ባለቤቴ ቀን ቀን ያሽከረክራል። የምንገናኘው በር ላይ ነበር። “እንዴት ዋልሽ?” “ጌታ ይመስገን።” “እንዴት አደርክ?” “ጌታ ይመስገን።” ከዚያ የሚያልፍ ወሬ አልነበረንም። እንስሳው ከመጣ በኋላ እሱ ማታ ውሃውን ያዘጋጃል፣ እኔ ጠዋት ስመለስ አዛውረዋለሁ። እንዳንዘነጋም ደብተር ከዕቃው አጠገብ አስቀመጥን። “17 ዲግሪ። ትሉን አልበላም።” “18 ዲግሪ። ግማሽ ትል በላ።”

በአሥራ አንደኛው ቀን ከዲግሪው በታች የባለቤቴን ጽሑፍ አየሁ፦ “አንቺስ በልተሻል?”

ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያም፣ “አልበላሁም። ደክሞኛል። በዚህ ቤት ብቻዬን ያለሁ ይመስለኛል” ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ሙሉ ገጽ ተጽፎ ጠበቀኝ። አገር ቤት ስላለችው እናቱ ሕመም፣ ስለ መኪናው ዕዳ፣ እኔን ላለማስጨነቅ ሲል ለብቻው የተሸከመውን ሁሉ ጻፈልኝ። ለካስ ሁለታችንም ስንስቅ የኖርነው በአንድ ውሃ ውስጥ ነው! ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ መውጣት ትቶ ቁርስ አብረን እንበላለን።

ትልቁን ገንዳ ለማዘጋጀት ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀብን። በማጣሪያው ውስጥ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ እሱን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች መራባት ነበረባቸው። እንስሳው ወደዚያ ሲዛወር ስንጥቦቹ ቀያይ ላባ አብቅለው ነበር። አክሶሎትል የተቆረጠ እግሩን እንኳ መልሶ ያበቅላል፤ ፈጣሪ እንዲህ አድርጎ ሠርቶታል። ላባውን ያበቀልነው እኛ አይደለንም፤ እኛ ውሃ ለወጥን እንጂ።

ውድ ባለ ትዳሮች፣ የትዳር ጓደኛችሁ ፊት ፈገግ ስላለ ብቻ ቤቱ ደህና ነው አትበሉ። “ደህና ነኝ” የሚለው መልስ ጥርት ያለ ውሃ ሊሆን ይችላል። ጠይቁ፤ እውነተኛው መልስ እስኪመጣም ታገሡ። አንድ ቀን ጠይቆ መተውም አይበቃም፤ ውሃ የሚለወጠው በየቀኑ ነውና። ከየት እንጀምር ካላችሁ፣ “በልተሻል?” “በልተሃል?” ብሎ መጀመር ይቻላል።