ምን ጠፍቶባችሁ ነው?

ጋዜጠኝነት ተምረን ስንመረቅ አፋችን ላይ ተለጥፈው ከቀሩ ሐረጎች አንዱ «ያልተነካ የቱሪዝም ሀብት» የሚለው ነው። ተራራ ካለ ያልተነካ ነው። ሐይቅ ካለ ያልተነካ ነው። ፏፏቴ ከሆነማ አይጠየቅም! ስለ ወንጪም እንዲያ ብለን ስንት ጊዜ ጽፈናል፤ ያውም ሳናያት፣ አዲስ አበባ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ማኪያቷችንን እየጠጣን። በቅርቡ ግን ሦስት ጓደኛሞች ሆነን «ኧረ በዓይናችን እንያት» ተባባልንና ቅዳሜ ማልደን ወጣን።

ወንጪ ሩቅ አይደለችም። በአምቦና በወሊሶ መካከል ነው ያለችው፤ በጠዋት የተነሣ ሰው አይቷት በዕለቱ ይመለሳል። ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጎድጓዳ ውስጥ ሐይቅ ተኝቷል፤ ሐይቁ ውስጥ ደሴት አለ፤ ደሴቱ ላይ ደግሞ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ይፋ በሆነው «ገበታ ለሀገር» ስሟ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተነሣ። በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው 44 መንደሮች አንዷ ሆነች። «ያልተነካ» እያልን የምንጽፍላት ወንጪ እንግዲህ ይህቺ ናት!

አፋፉ ላይ ስንደርስ ብርዱ ተቀበለን። ከፍታው ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ እኛ የለበስነው ግን የቦሌ ሹራብ ነበር። ቁልቁል ስናይ ግን ብርዱም ተረሳን። ሦስታችንም ዝም አልን፤ ሦስታችን ዝም ማለታችን በራሱ ዜና ነው። ወዲያው «ፈረስ! ፈረስ!» የሚሉ ልጆች ከበቡን። በእግራችን እንወርዳለን ብለን አንዱን ወጣት አስጎብኚ ያዝንና ጉዞ ጀመርን።

መንገዱ ጠባብ ነው። በአንድ ወገን እንሰት፣ በሌላው ወገን ገብስና ድንች። ከጎጆዎቹ ጭስ ይወጣል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ሕፃናት ከአጥር ጀርባ ሆነው እጃቸውን ያውለበልባሉ። ገደል ካልሆነ በቀር የሰው እጅ ያላረፈበት መሬት ማግኘት ቸገረን። «ያልተነካ» ያልነው የሰው ጓሮ ነበር ለካ!

እናላችሁ፣ ግማሽ መንገድ እንደወረድን አንዲት እናት ጀርባቸው ላይ ከባድ ሸክም አዝለው ሽቅብ ሲመጡ አገኘናቸው። ቆሙና «አካም ጅርቱ?» አሉን። «ነጋ!» አልን በኩራት። የሦስታችን ኦሮምኛ እዚያ ላይ አለቀ። እሳቸው ግን እየሳቁ ሌላ ነገር ጠየቁን። ወደ አስጎብኛችን ዞርን።

«ምን ጠፍቶባችሁ ነው? ነው የሚሉት» አለ።

ምንም እንዳልጠፋብን፣ ዝም ብለን ለመራመድ እንደመጣን ነገራቸው። ሴትየዋ በጣም ሳቁ። ከብት ሳይጠፋ፣ ገበያ ሳይኖር፣ ለቅሶ ሳይደርሱ ገደል መውረድና መውጣት! እኛም አብረን ሳቅን።

ከዚያ ሳቁን ተዉትና ረዘም አድርገው ተናገሩ። እጃቸውን ወደ መሬቱ፣ ወደ እግራቸው፣ ወደ ሸክማቸው እያመላከቱ ሁለት ደቂቃ ያህል አወሩ። ሲጨርሱ ልጁን «ምን አሉ?» አልነው።

«በመምጣታችሁ ደስ ብሏቸዋል።»

ተያየን። ይህን ዓረፍተ ነገር እናውቀዋለን። ስንት ጊዜ ጽፈነዋል፦ «ነዋሪዎቹ የተሰማቸውን ደስታ ገለጹ»። የሴትየዋ ፊት ላይ ግን ደስታ አላየንም። ከመካከላችን አንዷ ሙያው ትዝ ብሏት ይሁን እልክ ይዟት፣ «ወንድሜ፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ደስ ብሎኛል አይባልም፤ ሁሉንም ንገረን» አለችው።

ልጁ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ነገረን። ፈረሶቹ ሲመላለሱ መንገዱን ይቆፍሩታል፤ ክረምት ሲሆን ጭቃው እስከ ባት ይደርሳል፤ አምና ከነሸክማቸው ወድቀው እጃቸው ተሰብሮ ነበር። እንግዳ መምጣቱን አልጠሉም። ለእንግዳ የሚከፈተው መንገድ እሳቸውም ወደ ገበያ የሚወጡበት መሆኑን የሚያስብ ሰው ግን አጥተዋል። ድንጋይ ቢነጠፍበት ምናለበት ነው የሚሉት።

«ታዲያ ለምን ደበቅከን?» አልነው።

«አንዱ ፈረስ የእኛ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «በእሱ ነው እህቴን የማስተምራት።»

ምን ይባላል? ልጁን ልንቆጣው አልቻልንም። ሴትየዋም ቢሆኑ አልተቆጡትም፤ የጎረቤት ልጅ ነው። ትከሻውን መታ አድርገውት ሽቅብ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኛ ጥግ ይዘን አሳለፍናቸው።

ከዚያ በኋላ በጀልባ ተሻገርን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለምን፣ ፍል ውኃውንም አየን። ሁሉም ያምራል፤ ውሸት አንናገርም። ነገር ግን ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያወራነው ስለ ሐይቁ አልነበረም። እኛ ቃል መሸጥ የተማርን ሦስት ልጆች፣ ከቤታችን የግማሽ ቀን መንገድ በማይሞላ ቦታ፣ አንዲትን እናት «እጅዎን አሁን ተሻለዎት?» ብሎ ለመጠየቅ አፍ አጣን። ልጁ እውነቱን ባይነግረን ኖሮ ደግሞ «ደስታቸውን ገለጹ» ብለን እንጽፍ ነበር፤ አልጻፍንም አንልም።

ለማንኛውም ወንጪን ሂዱና እዩዋት። ወፍራም ጃኬት ያዙ። ሸክም የያዘ ሰው ስታገኙ መንገድ ልቀቁ። አስተርጓሚያችሁ ባጭሩ ከተረጐመላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። እኛ ኦሮምኛ መማር ጀምረናል፤ እስካሁን «ድንጋይ» እና «መንገድ» የሚሉትን ይዘናል። ለሚቀጥለው ጉዞ «ምሕረቱን ያምጣልዎ» የሚለው ሳይደርስልን አይቀርም።

ቸር ያሰንብተን!