ሳላያቸው የኖሩ ጎረቤቶች

ሰቆጣ፣ ከእናቴ ቤት በታች መታጠፊያው ላይ፣ ጠላ የሚሸጡ ጎረቤት አሉን። እትዬ ነው የምንላቸው። በራቸው ላይ በተተከለው እንጨት ጫፍ አንዲት የዛገች ጣሳ ተደፍታ ትታያለች። ጣሳዋ ካለች ጠላ አለ ማለት ነው። በ2001 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ከሰቆጣ ስወጣ፣ ጠዋት ወደ መናኸሪያ ስንወርድ፣ እትዬ በራቸው ላይ ጎንበስ ብለው ጋን በግራዋ እያጠቡ ነበር። እጃቸው እርጥብ ስለሆነ በክንዳቸው አንገቴን ይዘው ሳሙኝ። ከዚያ በኋላ እትዬን ባሰብኩ ቁጥር የሚመጡብኝ እንደዚያው ሆነው ነው፤ እጃቸው እርጥብ፣ ግራዋው እየሸተተ፣ ጣሳዋ ከላይ።

ይህን ያስታወሰኝ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ታገሱኝና ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ፣ የዩኒቨርሲቲው ዶርማችን ውስጥ ላፕቶፕ የነበራት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ሲምስ 2ን ያስለመደችን እሷ ናት። ለማታውቁት፦ ጨዋታው ጠላትም ተኩስም አሸናፊም የለውም። ሰው ትፈጥራላችሁ፣ ቤት ትሠሩለታላችሁ፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ሥራ ይገባል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። የሐሳቡ ባለቤት ዊል ራይት የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ላይ የተነሳው ትልቅ ቃጠሎ ቤቱን ከነዕቃው በላበት። ሰው ለመኖር በእርግጥ ምን ምን እንደሚያስፈልገው ያሰበው ያን ጊዜ፣ ኑሮውን ከማንኪያ ጀምሮ መልሶ ሲያደራጅ ነበር። የመጀመሪያው ሲምስ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጣ።

የጨዋታው ሰዎች የሚያወሩት የትም አገር የሌለ ቋንቋ ነው፤ ተዋንያን ስቱዲዮ ገብተው የፈጠሩት፣ ፍቺ የሌለው ድምፅ። ሌሎቹን ልጆች ያስቃቸው ነበር። ለእኔ ግን አዲስ አልሆነብኝም። አያቴና እትዬ ሲገናኙ የሚያወሩት በኽምጣና ነበር። እኔን ያሳደጉኝ በአማርኛ ስለሆነ ግማሹ ያመልጠኛል፤ ሆኖም ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ እንዳረገዘች ከድምፃቸው እረዳ ነበር። እዚያ ላፕቶፕ ፊት ቁጭ ብዬ የማላውቀውን ቋንቋ ስሰማ የአያቴ ጓዳ ውስጥ የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ሰፈራችንን ሠራሁ። እናቴን፣ አያቴን፣ እትዬን፣ የእትዬን ባል፣ ውኃ የምትቀዳውን ትንሿን ልጃቸውን፣ ሁሉንም በየቤታቸው አስገባሁ።

ሲምስ 2 አንድ ሕግ አለው፤ ያልከፈታችሁት ቤት ጊዜው አይሄድም። የእናቴን ቤት ይዤ ስጫወት እናቴ ታረጃለች፣ ፀጉሯ ይነጣል። እትዬ ግን መንገድ ላይ ያልፋሉ፣ ሰላም ይላሉ፣ ይመለሳሉ፤ አንዲት ቀን እንኳ አትጨመርባቸውም። ልጃቸው ሁልጊዜ ልጅ ናት። ይህ ያኔ በጣም ደስ ይለኝ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሁሉ ነገር ሲሮጥብኝ፣ እዚያ ግን ሁሉም እንዳስቀመጥኩት ይጠብቀኛል።

በ2004 ዓ.ም. ሲምስ 3 እጄ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው። ሰፈሩን እንደገና ሠራሁት። በዚህኛው ግን ከተማው በሙሉ በአንድ ሰዓት ነው የሚሄደው። ኮምፒውተሩ የሁሉንም ቤት ኑሮ እርምጃ በእርምጃ ማስላት ስለማይችል፣ ሩቅ ያሉትን በየተወሰነ ጊዜ ጎብኘት አድርጎ፣ ይቺ ታግባ፣ ያ ሥራ ይልቀቅ፣ እነዚህ ይውለዱ እያለ ይወስናል። እኔ የእናቴን ቤት ብቻ ይዤ ጥቂት ምሽቶች ከተጫወትኩ በኋላ የእትዬን በር ሳንኳኳ፣ የከፈተልኝ የማላውቀው ሰው ነው። እነ እትዬ ከከተማ ወጥተዋል። በዚህ ጨዋታ እንዲህ የወጣ ቤተሰብ ወዴት ሄደ አይባልም፤ ከመዝገቡ ተሰርዞ ያልቃል።

ላፕቶፑን ዘጋሁት፤ ለረጅም ጊዜም አልተመለስኩበትም። ያናደደኝ መለወጣቸው መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ሲገባኝ ግን የተናደድኩት ያለ ምክንያት በመለወጣቸው ነው። በእኛ አገር፣ ሰቆጣ ባለችበት በዋግ፣ ሰው ዝም ብሎ ከከተማ አይወጣም። በ1977ቱ ድርቅ፣ ዋግ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችበት ዘመን፣ የእትዬ ታላቅ ወንድም በመንግሥት ሰፈራ ወደ መተከል፣ ፓዌ፣ ተወሰደ። ለዓመታት ወሬው ጠፋ። ሞቷል ተብሎ ተለቅሶ፣ ከዚያ ደብዳቤ መጣ፤ አግብቷል፣ ወልዷል፣ ማንጎ ተክሏል። እትዬ ያን ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልለው አስቀምጠውታል። ከሰቆጣ የጠፋ ሰው ፓዌ ላይ እየኖረ ነበር፤ ያልነበረው ወሬው ብቻ ነው።

ምክንያትን በቁም ነገር የሚይዝ ጨዋታ አለ፤ ዱዋርፍ ፎርትረስ ይባላል። ታርን እና ዛክ አዳምስ የሚባሉ ወንድማማቾች የሠሩት ነው፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ተጫዋቹ ገና ሳይገባ ጨዋታው የብዙ መቶ ዓመት ታሪክ ያሰላል። ጦርነቱ፣ ስደቱ፣ ትውልዱ ሁሉ ይመዘገባል፤ አንድ ተራ ሰው ለምን እዚህ መንደር እንደተገኘ ወደ ኋላ ሄዳችሁ መፈለግ ትችላላችሁ። እኔን የተከዜን ግድብ ነገር ያስታውሰኛል። ግድቡ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነበር፤ 188 ሜትር ቁመት አለው፣ 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ነው የተሠራው። የተሠራው ለኤሌክትሪክ ነው። ግን ውኃው ወደ ኋላ ሲተኛ፣ በአበርገሌና በዝቋላ ቆላ ፍየል ከማገድ በቀር ሌላ ሙያ ያልነበረው ጎረምሳ መረብ መጣል ጀመረ። ማንም ዓሣ አጥማጅ ሁን ብሎ አልመረጠለትም። ከታች የተዘጋ ውኃ ላይ ያለውን ሰው ኑሮ ቀየረው፤ እኔ ይህ ሁሉ ሲሆን አዲስ አበባ ሆኜ፣ አበርገሌ ሲባል ፍየል ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ለነገሩ አገሩም ዓለሙም ዋግን የሚያየው እንደዚያ ነው። ሰቆጣ ስል "የድርቁ?" የሚለኝ ሰው እስካሁን አለ። በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ሲነሣ፣ ስሙን የሰቆጣ ቃል ኪዳን አለው። ስሙን ሳይ ክብርም ሐዘንም ይሰማኛል። በ1977ቱ ድርቅ የተነሣው ፎቶ ውስጥ የነበሩት ልጆች ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል፤ ፎቶው ግን አላረጀም።

ወደ እትዬ ልመለስ።

ከወጣሁ ወዲህ ለሻደይ በዓል ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ነሐሴ 16 ላይ ወገባችንን በለምለሙ ሻደይ ከብበን ስንጨፍር እሳቸው በር ላይ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ጣሳዋ ተሰቅላለች። ለሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት በ2008 ነው። ከዚያ በስልክ ሆነ። እናቴን "እነ እትዬስ?" እላታለሁ፤ "ደህና ናቸው፣ ሁሉም ደህና ነው" ትለኛለች። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ዋግ ሲገባ ያቺ "ደህና ናቸው" እንኳ ጠፋች። ለወራት ስልክ የለም፣ መብራት የለም። ያን ሁሉ ጊዜ እናቴ በሐሳቤ ምድጃ ዳር እንደተቀመጠች ነበረች። ሌላ የማስቀምጥበት ቦታ አልነበረኝም።

በ2014 ለፋሲካ ሄድኩ። ማታ ደረስኩ፤ ተበላ፣ ቡና ተጠጣ፣ ተሳቀ። ሊነጋጋ ሲል ሰዎች ገቡ። አጎቴ፣ ሁለት ጎረቤት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ከመቀመጣቸው በፊት ገባኝ። የእትዬ ባል በ2012 አርፈው ኖሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና ናቸው ስባል የነበረው እሳቸውንም ጨምሮ ነው።

ለቅሶው በረድ ሲል እናቴን ተቆጣኋት። "ብቻሽን እያለሽ በስልክ ይነገርሻል? ማን ይይዝሻል?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ ሰፈሩ በሐሳቤ ቆሞ የቀረው ስለምረሳቸው ነው ብዬ ራሴን እወቅስ ነበር። ሰዓቱን ይዘው ያቆሙልኝ ግን እነሱ ናቸው፤ እዚያ ሩቅ ሆኜ እንዳልወድቅ ብለው።

እትዬ ቤት ስሄድ እንጨቱ ቆሟል፤ ጣሳዋ የለችም። ጠላ የሚጠጣበት ክፍል፣ መደቡ ላይ፣ አራት ልጆች ተኝተዋል። ከአበርገሌ የተፈናቀለ ቤተሰብ ነው። እትዬ ጠላ ጠመቃውን ትተው ክፍሉን ለእነሱ ለቀዋል፤ ኪራይ አይቀበሉም። ውኃ የምትቀዳው ትንሿ ልጅ የለችም፤ ዝቋላ አግብታለች፣ ባሏ ከተከዜ ሐይቅ ዓሣ ያወጣል። "ዓሣ!" አሉኝ እትዬ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። "አባቷ ይህን ቢያይ።"

ከዚያ ጉልበቴን ያዝ አድርገው፣ "አንቺስ የኔ ልጅ? ትምህርቱ አላልቅ አለሽ?" አሉኝ።

ከተመረቅኩ ስንት ዓመቴ። አግብቼ እንደነበር አያውቁም፤ እንደተለያየን አያውቁም። እናቴ ለእሳቸውም የነገረቻቸው ያንኑ ነው፤ ደህና ናት፣ ትማራለች። እኔ እሳቸውን ጋን እያጠቡ ሳቆያቸው፣ እሳቸውም እኔን ደብተር አሳቅፈው አቆይተውኛል። ያን ቀን እስኪመሽ አወራን። ስለ ፍቺዬ ስነግራቸው በኽምጣና አንድ ነገር አሉ፤ ቃሉን አልያዝኩትም፣ ድምፁን ግን አውቀዋለሁ።

አሁን ሲምስ 4 ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ወዲህ፣ ጎረቤቶች እንደገና በራሳቸው ይለወጣሉ። ልዩነቱ፣ የምታውቁት ጎረቤት ይደውልላችኋል። ሥራዬን ልለቅ ነው ምን ትያለሽ፣ ልጅ ላሳድግ አስቤያለሁ፣ ይላል። የሆነውን ደግሞ ከደጃፋችሁ የፖስታ ሳጥን ታገኙታላችሁ። ለእያንዳንዱ ቤት ምን እንዲደርስበት፣ ምን እንዳይደርስበት መምረጥም ይቻላል። እኔ ምርጫውን አልነካውም፤ ሁሉንም ክፍት አድርጌ ትቼዋለሁ። ስልኩን ግን ወድጄዋለሁ።

ከእትዬ ጋር ስንለያይ ተማምለናል። መጥፎም ይሁን ደግ፣ የሆነው በሆነበት ቀን ይነገረኛል፤ እኔም እነግራለሁ። እናቴ እስካሁን አልወደደችውም። ሁለት ጊዜ ሐዘን በስልክ ተረድቻለሁ፤ አንዱን ታክሲ ውስጥ ሆኜ። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም፤ እናቴ ያለችው ሁሉ እውነት ነው። ግን በዚያው ቀን አለቀስኩ፤ እነሱ ሲያለቅሱ።

ባለፈው ሳምንት ማታ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ፣ "ጣሳዋን መልሼ ሰቀልኳት" አሉኝ።

"እነዚያ ልጆችስ? ወዴት ሄዱ?" አልኳቸው።

"ቆይ፣ ልንገርሽ" አሉ። በርጩማ ሲጎትቱ ተሰማኝ።