ከጓሳ አፋፍ እስከ ሰመራ ማረፊያ

ከጓሳ ምሥራቃዊ አፋፍ ቆመን ወደ ቆላው ስንመለከት ነፋሱ ጋቢያችንን ሊነጥቀን ይታገላል። ከዚህ ደጋ ውሃው ለዓባይና ለአዋሽ ይከፈላል፤ ከገደሉም በታች የአፋር ምድር በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። የቆምንበት ዐለት በጥንት ዘመን ከምድር ሆድ በእሳት የፈለቀ ነው። ያ እሳት በመንዝ ቀዝቅዞ ሣር አበቀለ፤ በቆላው ግን ዛሬም አልበረደም።

ከዚህ ርቃ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ሰመራ፣ የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ፣ የአይሮፕላን ማረፊያ አላት። ባሕር ባይከባትም በበረሃና በእሳተ ገሞራ ምድር መካከል እንደ ደሴት ናት። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ የቀለጠ ዐለት ከምድር በታች 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሰንጥቆ ገባ፤ ምድሩንም እስከ 8 ሜትር አለያየው። አመዱ የፈነዳበት ዕለት መስከረም 16፣ ደመራ የምንለኩስበት ቀን ነበር።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከሰመራ በስተሰሜን ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረና ከየመንና ከኦማን አልፎ ህንድ ደረሰ፤ በዚያም በረራዎች ተሰረዙ።

አመድ አይሮፕላንን ስለምን ያስፈራዋል? የምድጃችን አመድ ልም ነው፤ የእሳተ ገሞራ አመድ ግን የደቀቀ ዐለትና መስተዋት ነው። በሞተሩ ግለት ይቀልጥና ተጣብቆ ያፍነዋል። በ1974 ዓ.ም. በጃቫ ደሴት ሰማይ አንድ የእንግሊዝ አይሮፕላን ወደ አመድ ገብቶ አራቱም ሞተሮቹ ጠፉ፤ ከአመዱ ሲወጣ ግን ሞተሮቹ ተነሡለትና ጃካርታ በደኅና አረፈ። እንግዲህ በማረፊያው «ቆዩ» ስንባል አናጉረምርም፤ አባቶቻችንም በቄሮ ሥርዓት ጓሳን ለዓመታት ዘግተው ሣሩ እስኪያገግም በትዕግሥት ይጠብቁ ነበርና።

ነገር ግን መንገደኛው ቢዘገይ ነገ ይሄዳል። በአፍዴራ በኩል አመድ ግጦሹን የሸፈነበት አርብቶ አደር ከብቱን ምን ያብላ? እኛ የጓሳ ሣር ምን እንደ ሆነ የምናውቅ ሰዎች የዚህ ጎረቤታችን ጭንቀት ሊሰማን ይገባል። የማታው ጸሎታችን ለመንገደኞች ብቻ አይሁን፤ እጃችንም ከጸሎታችን አትነስ።