ሀ ሁ በጋራ፣ አቡጊዳ ለብቻ

ኮሶዬን የምታውቋት ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትሄዱ፣ አምባ ጊዮርጊስ ሳትደርሱ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ለፎቶ ቆማችሁ ይሆናል። እኔ የማውቃት በብርዷና በአንደኛ ክፍል ጩኸቷ ነው። ልጄ እዚህ ሜሪላንድ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ የእህቴ ልጅ እዚያው ኮሶዬ አንደኛ ክፍል ነው። ሁለቱም ማንበብ እየተማሩ ነው፤ አካሄዳቸው ግን ለየቅል።

ባለፈው ኮሶዬ ስሄድ የእህቴን ልጅ መምህርት አስፈቅጄ ከኋላ ተቀምጬ አረፈድኩ። ልጆቹ ለብርዱ ጋቢና ነጠላ ደርበዋል፤ በአንድ ዴስክ ሦስትም አራትም ሆነው ተጠጋግተዋል። መምህርቷ በእንጨት ሰሌዳውን ነካ ስታደርግ ክፍሉ በአንድ አፍ «ለ ሉ ሊ ላ» ይላል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ልጅ ነበር፤ ከሌሎቹ በዕድሜ ከፍ ይላል። ዓይኑ ሰሌዳው ላይ የለም፤ የጎረቤቱን አፍ ነው የሚያየው። ድምፁ ከሌሎቹ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይወጣል። «ሎ» ላይ ሲደርሱ ግን ከሁሉም በላይ የሚጮኸው እሱ ነው!

ውጭ አገር የከረመ ሰው ይህን ሲያይ «ሽምደዳ» ብሎ ማጣጣል ይቀናዋል። እኔ አላጣጥልም። ፊደላችን 33 በ7፣ በድምሩ 231 ነው፤ ብዙ ይመስላል እንጂ ሥርዓት አለው። ሰባቱ ድምፅ አንዴ ጆሮ ውስጥ ከገባ፣ አዲስ ፊደል በመጣ ቁጥር ዜማው ያው ነው። ለዚህ ደግሞ አብሮ ከመጮህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። በዚያ ላይ አንዲት መምህርት አማርኛውንም ሒሳቡንም ብቻዋን ይዛ፣ ያን ሁሉ ልጅ በየተራ ላስነብብ ብትል ተራው ሳይዳረስ ደወሉ ይደወላል።

ልጄ ክፍል ውስጥ ጩኸት የለም። ጠዋት የሰልፍና የመዝሙሩን ቦታ ለባንዲራ የሚሰጥ አጭር ቃለ መሐላ ተክቶታል። ከዚያ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጡና ስለ ቀኑና ስለ አየሩ ያወራሉ፤ ቀጥሎ በየጥጉ ይበተናሉ። አስተማሪዋ አራት ልጆች ብቻ ጠረጴዛዋ ዙሪያ ሰብስባ እያንዳንዱን ታስነብባለች፤ እያዳመጠች ትጽፋለች። መጻሕፍቱ እንደ ክብደታቸው ከኤ እስከ ዜድ ፊደል ተሰጥቷቸዋል፤ ልጄ የትኛው ላይ እንዳለች ወላጅ ሲጠራ ይነገረኛል። በሒሳቡ ብዙም ልዩነት አላየሁም፤ ኮሶዬ ቆርኪና ጠጠር፣ እዚህ የፕላስቲክ ኩብ። ትምህርት የተጀመረበትን መቶኛ ቀን ሲያከብሩ ልጄ መቶ ፍሬ ሽምብራ ቆጥራ ወሰደች።

እዚህ ክፍል ውስጥ የሚደበቅ ልጅ የለም። ይህንን ወድጄዋለሁ። ማንበብ ራሱን የሚያስተምሩበት መንገድ ግን ግር አሰኝቶኛል። አንድ ማታ ልጄ «ራቢት» ተብሎ የተጻፈውን ሥዕሉን አየት አድርጋ «ባኒ» ብላ አለፈችው፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ ጥንቸል ናቸው። ቃሉ ሲከብድ ሥዕሉን አይቶ መገመት የተማረችው ዘዴ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ጋዜጠኛዋ ኤሚሊ ሀንፎርድ «ሶልድ ኤ ስቶሪ» በተባለው ፖድካስቷ ይህንን የግምት ንባብ አፈር ድሜ አበላችው፤ በዓመቱ ኒው ዮርክ ከተማ ትምህርት ቤቶቿን ወደ ፊደልና ድምፅ ትምህርት መመለስ ጀመረች። አሜሪካ ዞራ ዞራ እያንዳንዱን ፊደል በጣት እየነኩ ወደ ማንበብ መመለሷን የኔታ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?

የኔታማ የዚያን የጎረቤቱን አፍ የሚያይ የኮሶዬ ልጅ ችግርም ጥንት አውቀውታል። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ሀ ሁን በስንደዶ እየነካ ከቆጠረ በኋላ በቀጥታ ወደ ንባብ አይገባም። አቡጊዳ ይጠብቀዋል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»፣ ቀጥሎ «በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ»። ፊደሉ ያው ነው፤ ተራው ግን ተዘበራርቋል። ሀ ሁን በዜማው ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል። እንደኔ አስተያየት ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከየኔታ ጩኸቱን ወርሶ መፈተኛውን ትቶታል። በ2002 ዓ.ም በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በ1986ቱ ፖሊሲ መሠረት ደግሞ እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጅ አይወድቅም ነበር፤ ይዘዋወር ነበር። በጩኸቱ የተደበቀ ልጅ ሳይገለጥ አራተኛ ክፍል ሊደርስ ይችል ነበር ማለት ነው።

ያን ዕለት ይህንን ሁሉ በዕረፍት ሰዓት ለኮሶዬዋ መምህርት አወራኋት። አቡጊዳውን ሰሌዳ ላይ ብትጽፊውና ልጆቹን አንድ በአንድ ብታስነሺስ አልኳት። ታግሣ ሰማችኝ።

«የትኛውን ልጅ እንዳዩ ገብቶኛል ጋሼ» አለችኝ። «ማንበብ እንደማይችል አውቃለሁ። ትምህርት ተዘግቶ ሲከርም ከብት ሲጠብቅ ነበር። አሁን ከትንንሾቹ ጋር መቀመጡ ራሱ አሳፍሮታል። ሰው ፊት ባስነሣው ነገ አይመጣም። ሌሎቹ ሲወጡ ለብቻው አስነብበዋለሁ።»

ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በአማራ የተነሣው ግጭት ስንቱን ትምህርት ቤት እንደዘጋ ለምታውቁት፣ እንደዚያ ልጅ ያለው ስንት እንደሆነ መገመት አይቸግራችሁም። እኔ መደበቂያ ያልኩት ጩኸት ለእሱ ክፍል ውስጥ መቆያው ነው። አቡጊዳውም ይቅር አላልኩም፤ እሷም ሰው በሌለበት ታድርገው እንጂ አልተወችውም። ከዴስኩ ላይ ሦስት አራቱ ቀነስ ቢሉላት ግን በዕረፍቷ ባልሠራች ነበር።

ልጄን እንዲህ ያለ ሰበብ አያድናትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አቡጊዳ አስነብባታለሁ፤ እዚያ ሥዕል አይቶ መገመት የለም። ባለፈው ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለምን ሦስት ሆኑ ብላ ያዘችኝ። ድሮ በግዕዝ ድምፃቸው ይለያይ ነበር ብላት «ታዲያ አሁን ለምን አይጥሏቸውም?» አለች። በእንግሊዝኛ «ኒ» ተብሎ የሚነበበው ጉልበት ላይ ያለችውን ኬ ማን ጣላት አልኳት።